ፒክአፕ ሊቀየርለት የመጣው ቤዝ

ቤዝ ጊታሩ የመጣው ከሁለት ካርቶን ጋር ነው። በአንደኛው ውስጥ አዲስ የፒክአፕ ጥንድ አለ፤ ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ ማግኔትና የሽቦ ጥቅልል ያለው ዕቃ ነው። በሌላኛው ከባድ የናስ ብሪጅ፣ የክሮቹ የኋላ ጫፍ የሚታሰርበት ብረት። ባለቤቱ የቆየ ወዳጄ ነው። በባንድ ይጫወታል፣ አልፎ አልፎም ስቱዲዮ ይገባል። ቤዙን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ «ድምፁ ሞቷል። እነዚህን ግጠምልኝ» አለኝ።

መሣሪያው ባለ አራት ክር ነው። የአሜሪካው ጊታር አምራች ፌንደር በ1960 ያወጣውን ጃዝ ቤዝ ተከትሎ የተሠራ ቅጂ ሲሆን ዕድሜው 15 ዓመት ገደማ ይሆናል። ሁለት ፒክአፕ፣ ሁለት ቮልዩም፣ የድምፁን ብሩህነት የሚቀንስ አንድ ቶን አለው። ፓሲቭ ነው፤ ባትሪ የለውም። እንጨቱ ጥሩ ነው። አንገቱ እጅ ላይ ደስ ይላል። ወዳጄ በሌላ ከመለወጥ ይልቅ እሱኑ ማሻሻል የፈለገውም ለዚህ ነው፤ እጁ ለምዶታል።

ካርቶኖቹን አልከፈትኳቸውም። መጀመሪያ «የሚያስቸግርህን አንድ በአንድ ንገረኝ» አልኩት። «ድምፁ ሞቷል» የሚል አቤቱታ ብዙ ነገር በሆዱ ይይዛል። ሲዘረዝረው አምስት ሆነ። አምፕ ላይ ሲሰካ «እምምም» የሚል ሃም ያሰማል። ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ ድፍን ያለ ነው፤ ኖታው አይለይም። ሁሉም መሣሪያ አብሮ ሲጫወት ቤዙ ይዋጣል። ቅኝቱ አንድ ዘፈን እንኳ ሳይጨርስ ይዛባል። ቆሞ ሲጫወት ደግሞ ጭንቅላቱ ወደ መሬት ያጋድላል፤ በግራ እጁ እየደገፈ ስለሚጫወት ትከሻውን ያመዋል።

ከእነዚህ ውስጥ ፒክአፕ መቀየር ሊነካቸው የሚችለው ቢበዛ ሦስቱን ነው። ቅኝትና ሚዛን ከፒክአፕ ጋር አይገናኙም። ሦስቱም ቢሆኑ ጥፋቱ የፒክአፑ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም። ስለዚህ አንድ ነገር ተስማማን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንነካለን፤ ከእያንዳንዱ በኋላ እንቀዳለን።

ከመንካት በፊት መቅዳት

ጆሮ ቶሎ ይለምዳል። ከአንድ ሰዓት ብየዳ በኋላ የድሮውን ድምፅ በትክክል የሚያስታውስ ሰው የለም። በዚያ ላይ የደከምንበት ነገር ጥሩ ሆኖ እንዲሰማን እንፈልጋለን። ይህን ብዙ ጊዜ ስላየሁት ቅጂ ሳልይዝ ካቻቢቴ አላነሳም።

ቤዙን በቀጥታ ኦዲዮ ካርድ ላይ ሰካነው፤ አምፕ የለም፣ ኢፌክት የለም። ወዳጄ 20 ሰከንድ የምትሆን አንዲት ሐረግ መረጠ። ከባዶ ኢ ተነስታ ቀጭኑ ክር፣ ጂ፣ ላይ 12ኛው ፍሬት ድረስ ትወጣለች፤ ፍሬት የሚባሉት አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ሦስት ጊዜ ተጫወታት፦ ሁለቱም ፒክአፖች ክፍት ሆነው፣ የአንገቱ ብቻ፣ የብሪጁ ብቻ። ጣቱ የሚያርፍበትን ቦታ በወረቀት ቴፕ ምልክት አደረግንበት። ጣት ወደ ብሪጅ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከተጠጋ ድምፁ ይቀጥናል፤ ያንን ልዩነት የአዲስ ዕቃ ውጤት ነው ብሎ መሳሳት ቀላል ነው። ከሦስቱ ቅጂ በተጨማሪ እጁን ከክሮቹ ላይ አንስቶ ዝም ያለበትን 10 ሰከንድም ቀዳን። ሃሙ ብቻውን የሚሰማው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ ክሮቹን ቀየርን። ሁለት ዓመት ያገለገሉ ናቸው። የአዲሶቹ ውፍረት ከድሮዎቹ ጋር አንድ ነው፤ በኢንች ሺሕኛ ከ45 እስከ 105። የቤዝ ክር ሲያረጅ በጥቅልሉ መካከል ላብና ቆሻሻ ይገባበታል፤ ከፍ ያሉት ድምፆች መጀመሪያ ይሞታሉ። ሁለተኛውን ቅጂ ከመጀመሪያው ጋር ስናስተያይ የኢ ክር ድፍንነት ግማሹ የለም። ወዳጄ ሄድፎኑን አውልቆ ካርቶኖቹን አያቸው። ምንም አላለም።

አንገት፣ ከፍታ፣ ስፖንጅ

አንገቱን ለካሁት። የኢ ክርን አንደኛው ፍሬት ላይ በካፖ፣ ክር በሚይዝ መቆንጠጫ፣ አሰርኩ፤ የመጨረሻውን ፍሬት በጣቴ ተጫንኩ። በዚህ ጊዜ ክሩ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይሆናል። 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር ሆነ። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤዝ 0.3 አካባቢ እመርጣለሁ። አንገቱ እንደ ቀስት ወደ ፊት ታጥፏል ማለት ነው። ትረስ ሮዱን፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ዘንግ፣ ሩብ ዙር አጠበቅኩ፣ ቃኘሁት፣ ትንሽ አሳረፍኩት፣ እንደገና ለካሁ። ከሦስት እንዲህ ያለ ሩብ ዙር በኋላ 0.3 ላይ ቆመ። ትረስ ሮድ ጉልበት አይወድም። የሚያስቸግር ከሆነ ማቆም ነው።

ከዚያ የክር ከፍታ። 12ኛው ፍሬት ላይ ኢ 3.4 ሚሊ ሜትር፣ ጂ 2.8 ነበር። ወደ 2.3 እና 1.9 አወረድኳቸው። የኤ ክር ሳድል፣ ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ፣ ግን እምቢ አለ። ከፍታውን የምትይዘው ትንሿ ብሎን ጥርሷ አልቋል፤ ሳስተካክላት ትቆማለች፣ ክሩ ሲመታ ትወርዳለች። ይህችን ለብሪጁ ጉዳይ በማስታወሻ ያዝኳት።

ትልቁ ግኝት የመጣው ፒክአፕ ላይ ነው። የብሪጁ ፒክአፕ ከክሮቹ በጣም ርቋል፤ የመጨረሻውን ፍሬት ተጭኜ ስለካው 7 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ላይ እንዲመጣ ብሎኖቹን ፈታሁ። አልመጣም። በዚህ ዓይነት ፒክአፕ ሥር ወደ ላይ የሚገፋ ስፖንጅ አለ፤ ብሎኑ ወደ ታች ይይዘዋል፣ ስፖንጁ ወደ ላይ ይገፋዋል። ብሎኖቹን ጨርሼ አውጥቼ ፒክአፑን ሳነሳው ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ቡናማ ሆኗል። ጣቴን ሳሳርፍበት ፈረሰ፤ ጣቴ ላይ የቀረው ዱቄት ነው። ፒክአፑ ለዓመታት ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቷል።

ጠንከር ያለ አዲስ ስፖንጅ ቆርጬ አስገባሁ። የብሪጁን ፒክአፕ በወፍራሙ ክር በኩል 2.5፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ላይ አቆምኩት። የአንገቱን ትንሽ ዝቅ አደረግኩት፤ እዚያ ጋ ክሩ ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል። በጣም ማስጠጋትም ደግ አይደለም። ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ ኖታው ይንቀጠቀጣል፣ ከፍ ያሉት ፍሬቶች ላይ ቅኝቱ የተዛባ ይመስላል። መጨረሻ ላይ ሳድሎቹን አንቀሳቅሼ ኢንቶኔሽኑን፣ ማለትም ክሩ ከፍ ያሉት ፍሬቶች ላይም በቅኝት እንዲቆይ ርዝመቱን፣ አስተካከልኩ።

አራተኛውን ቅጂ ከከበሮ ጋር አጫወትኩለት። ቤዙ አሁን ይለያል። ያ ሲዋጥ የነበረው ድምፅ የብሪጁ ፒክአፕ የሚሰጠው የመካከለኛው ክልል ድምፅ ነው፤ ፒክአፑ ርቆ ስለነበር ሁለቱም ሲከፈቱ በተግባር የሚሰማው የአንገቱ ብቻ ነበር። እስካሁን የተጠቀምነው አዲስ ክርና አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ነው።

ቅኝቱስ? የኢ ክርን ስቃኝ ነቱ ጋ፣ ጭንቅላቱ ሥር ክሩ በሚያልፍበት ቁራጭ፣ «ጥንግ» ይላል። ይህ ድምፅ ክሩ ነቱ ውስጥ እየተያዘ በድንገት ሲለቀቅ የሚሰማ ነው። ጉድጓዱ ለ105 ክር ጠቧል። በቀጭን ሞረድ በጥቂቱ አሰፋሁት፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ የእርሳስ ዱቄት ቀባሁት። ጥንጉ ጠፋ። የመቃኛው ቁልፍ ግን ሌላ ችግር አለበት። ሲያዞሩት ሩብ ዙር ያህል ባዶውን ይሄዳል። መሃሉ ላይ ያለችውን ብሎን አጠበቅኩ፤ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ጥርሱ ተበልቷል። መቀየር አለበት።

ሃሙ ከየት ነው?

አሁን የቀረው ዋናው ነገር ሃሙ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ ሃሙም 50 ኸርዝና የሱ ብዜቶች ነው። ኢ ክር ላይ 3ኛው ፍሬት ያለው ጂ 49 ኸርዝ ነው። ሃሙ ልክ ቤዙ በሚጫወትበት ቦታ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። በኢኳላይዘር ልቁረጠው ያለ ሰው ቤዙንም አብሮ ይቆርጠዋል። ለዚህ ነው ሃምን ከምንጩ ማድረቅ አለብን የምለው።

ሦስት ሙከራ አደረግኩ። የመጀመሪያው ክሮቹን መንካት ነው። ስነካቸው ድምፁ ቀነሰ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከብሪጁ ወደ ግራውንድ የሚሄደው ሽቦ አልተቆረጠም። ሲነካ ቢጨምር ኖሮ ሽቦዎቹ ተገልብጠዋል ብዬ እጠረጥር ነበር።

ሁለተኛው፣ ቤዙን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቀስ ብዬ ዞርኩ። ወደ አምፑ ስዞር ሃሙ ይጨምራል፤ ጎን ስሰጠው ይቀንሳል። ይህ የሚናገረው አንድ ነገር ነው። ከሃሙ አንዱ ክፍል በማግኔት መስክ በኩል የሚመጣ ነው፤ ከአምፑ ትራንስፎርመር ዓይነት። የመዳብ ሽፋን እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ አያቆመውም። መዳብ የሚከለክለው ሌላውን ክፍል፣ ከመብራትና ከዲመር የሚመጣውን «ዝዝዝ» ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ቤዛቸውን በመዳብ ሸፍነው «ምንም አልሠራም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሠርቷል፤ የሠራው ግን የራሱን ድርሻ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ኮምፓስ ነው። ጃዝ ቤዝ ላይ ያሉት ሁለት ነጠላ ጥቅልል ፒክአፖች በጥቅልል አቅጣጫም በማግኔትም ተቃራኒ ሆነው ሲሠሩ፣ ሁለቱም ቮልዩሞች እኩል ሲከፈቱ ሃሙ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የአንዱ የሌላውን ይሰርዛል። የሱ ቤዝ ላይ ግን ሁለቱም ተከፍተው ሃሙ እንዳለ ነው። ትንሽ ኮምፓስ አንገቱ ፒክአፕ ላይ አስቀመጥኩ፤ የመርፌው አንድ ጫፍ ተሳበ። ወደ ብሪጁ አዛወርኩት፤ ያው ጫፍ ተሳበ። ሁለቱ ፒክአፖች አንድ ዓይነት ናቸው። ፋብሪካው አንዱን ዓይነት ሁለት ጊዜ ገጥሟል።

አሁን ካርቶኑን ከፈትን። በውስጡ ያለው ጥሩ ዕቃ ነው፤ አልኒኮ 5 ማግኔት፣ ንጹሕ ጥቅልል። ኮምፓሱ ላይ ሁለቱ ተቃራኒ ሆኑ። ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ሃሙ ይጠፋ ነበር። ነገር ግን ሁለት ነገር አሰናከለን። አንደኛ፣ ወዳጄ ብዙ ጊዜ የአንገቱን ፒክአፕ ብቻ ይጠቀማል፤ ቀስ ያሉ ዘፈኖች ላይ። ነጠላ ጥቅልል ብቻውን ሲከፈት ሃም አለው፤ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን። ሁለተኛ፣ መደበኛው የብሪጅ ፒክአፕ ከአንገቱ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የዚህ ቤዝ ጉድጓዶች ግን ሁለቱም አጭሮች ናቸው። ካሊፐሩን፣ መለኪያውን፣ ስናስገባው ልዩነቱ ወዲያው ታየ። እንጨት መፈልፈል ይጠይቃል።

ወዳጄ ከፋው። ካርቶኑን ገዝቶ አንድ ወር ጠብቋል። «ብፈለፍለውስ?» አለኝ። ይቻላል አልኩት፤ ከሁለቱም ጫፍ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። «ግን ፈልፍለንም፣ ገጥመንም የአንገቱን ብቻ ስትከፍት ያው ሃም ይሰማሃል። ያስቸገረህ እሱ አይደል?» ትንሽ አሰበና ካርቶኑን ዘጋው። ዕቃው ስላልተነካ መለሰው።

በምትኩ የመረጥነው መልኩ የጃዝ ቤዝ ፒክአፕ የሆነ፣ ውስጡ ግን ለሁለት የተከፈለ ጥቅልል ያለው ዓይነት ነው። አንዱ ጥቅልል ኢ እና ኤ ክሮችን ይሰማል፣ ሌላው ዲ እና ጂን። ሁለቱ በጥቅልልም በማግኔትም ተቃራኒ ናቸው። ሃሙ ሁለቱም ጋ እኩል ይደርሳልና ይጣፋል። የክሩን ድምፅ ግን እያንዳንዱ ጥቅልል ለብቻው ስለሚሰማ አይጣፋም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ላይ ከ1957 ጀምሮ ያለው የተከፈለ ፒክአፕ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ሁለቱንም በአጭሩ መጠን አዘዝን።

ይህ ምርጫ ዋጋ ያስከፍላል። ነጠላ ጥቅልል ያለው ያ ክፍት፣ ብሩህ ጫፍ እዚህ ላይ ትንሽ ይለሰልሳል። ለወዳጄ አስቀድሜ ነገርኩት። ስቱዲዮ ብቻ የሚሠራ፣ ሃሙን በአቀማመጥ መሸሽ የሚችል ሰው ቢሆን ነጠላውን እመክረው ነበር።

ሽቦው

ፒክአፑ እስኪመጣ ፖቶቹን፣ ከቮልዩምና ከቶን ማዞሪያዎች ሥር ያሉትን ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች፣ ለካሁ። ሦስቱም ላይ 250 ኪሎ ኦም ተጽፏል። ቴስተሩ 214፣ 203 እና 228 አለ። እንዲህ ያለ ፖት ላይ 20 በመቶ ወዲህ ወዲያ ማለት የተለመደ ነው። ግን ሁለቱም ቮልዩም ሙሉ ሲከፈቱ ሦስቱ ፖቶች ጎን ለጎን ሆነው ነው ፒክአፖቹን የሚጫኗቸው። ትክክለኛ 250 ቢሆኑ ጭነቱ 83 ኪሎ ኦም ነበር። በነዚህ 71 ገደማ ይሆናል። ጭነቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ከፍ ያለው ድምፅ ይታፈናል። አንዱ ፖት ሲዞርም «ክርችች» ይላል። ስለዚህ አምስት አዲስ አመጣሁ፣ ለካኋቸው፣ 268 አካባቢ ያሉትን ሦስቱን መረጥኩ። ጭነቱ 89 ሆነ። ለውጡ ትንሽ ነው፤ ክፍት ድምፁን ትንሽ ለሚያለሰልስ ፒክአፕ ግን ያስፈልጋል።

የቶኑን ካፓሲተር አልቀየርኩም። ላዩ ላይ 473 ይላል፤ 47 ናኖ ፋራድ ማለት ነው፣ ለዚህ ቤዝ ልኩ ነው። ስለ ካፓሲተር ዓይነት ብዙ ይወራል። እኔ ለውጥ የሚያመጣው ቁጥሩ ነው ባይ ነኝ፤ እሱም የሚሰማው ቶኑ ሲዘጋ ነው።

ጉድጓዶቹን በመዳብ ቴፕ ሸፈንኩ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎኑ ካለው ጋር በኤሌክትሪክ መገናኘት አለበት። ማጣበቂያው አንዳንዴ ይከለክላል። ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ በቴስተር አየሁ፤ የተጠራጠርኩበትን መገጣጠሚያ በአንድ ጠብታ ብየዳ አያያዝኩ።

ፖት ጀርባ ላይ ሲበየድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካውያውን ቀዝቃዛ አድርጎ ረጅም ጊዜ በመያዝ ነው። 63 በ37 የሚባለው የብየዳ ሽቦ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የፖቱ ጀርባ ግን ሙቀቱን ይጠጣዋል። ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩ፤ ካውያውን 350 ላይ አድርጌ ሰፊ ጫፍ ተጠቀምኩ፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ በቃ። የሚያበራ ለስላሳ ጉብታ ከሆነ ይዟል። እህል የመሰለ ሻካራ ከሆነ አልያዘም፤ እንደገና ይሠራል።

ፒክአፖቹ መጡ። የአንገቱ 8.4፣ የብሪጁ 8.6 ኪሎ ኦም። ገጠምኳቸው። ማዞሪያዎቹ የተገጠሙበትን ሳህን ሳልዘጋ ሞከርኩ፤ ድምፅ አለ። ሳህኑን በብሎን አጠበቅኩ። ዝም አለ።

ቴስተሩን ገመዱ በሚሰካበት ጃክ ላይ አደረግኩ። 4 ኪሎ ኦም ገደማ ማንበብ ነበረበት። ያነበበው 0.3 ኦም ነው። አንድ ቦታ ትኩሱ ሽቦ፣ ድምፁን የሚያስተላልፈው፣ ግራውንድ ነክቷል። ብሎኖቹን ሳላላ ቁጥሩ ወደ 4.1 ኪሎ ኦም ተመለሰ። ሳጠብቅ እንደገና 0.3። ሳህኑን ገልብጬ ከጎን በባትሪ መብራት አየሁት። የጃኩ ጫፍ የምትያዝበት ቀጭን ምላስ፣ ሳህኑ ሲወርድ አሁን የለጠፍኩትን መዳብ ትነካለች። መዳብ ሳይኖር እንጨት ስለነበር ችግር አልነበረም። ጃኩን ሩብ ዙር አዞርኩት፣ ግድግዳው ላይ ማገጃ ቴፕ ለጠፍኩ። ይህ ጥፋት የኔ ነው፤ መዳብ ስለጥፍ ጃኩ የሚገባበትን ቦታ አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ስትሠሩ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ይሁን።

ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ። የአንገቱ ብቻ ሲከፈት ጥሩ። የብሪጁ ብቻ ሲከፈት ጥሩ። ሁለቱም ሲከፈቱ ድምፁ ቀጠነ፤ ወፍራሙ ድምፅ ጠፋ። ወዳጄ ደነገጠ፤ «ተበላሸ እንዴ?» አለ። አልተበላሸም። የሁለቱ ፒክአፖች የሞገድ አቅጣጫ፣ ፌዝ የሚባለው፣ ተቃራኒ ነው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ዝቅ ያለው ድምፅ ሁለቱም ፒክአፖች ላይ ተመሳሳይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጣፋው እሱ ነው። እንደ ጥንድ ሳይሆን ለየብቻ የታዘዙ ስለሆኑ እንዲህ ሊገጥም ይችላል። የአንዱን ሁለት ሽቦዎች አቀያየርኩ። ከዚያ በፊት ግን ሽቦዎቹ ከፒክአፑ መከለያ ጋር አለመያያዛቸውን በቴስተር አረጋገጥኩ፤ ተያይዘው ቢሆን መገልበጡ ሌላ ሃም ያመጣ ነበር። መልሼ ስሰካው ሁለቱ አብረው ሞልተው መጡ።

ዝም ያለበትን 10 ሰከንድ ቀዳን። ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር አከታትለን አጫወትነው። የድሮው ላይ ክፍሉን የሚሞላ ጉርምርምታ አለ። አዲሱ ላይ የኦዲዮ ካርዱ የራሱ ትንፋሽ ብቻ ቀርቷል። የአንገቱ ብቻ፣ የብሪጁ ብቻ፣ ሁለቱም፣ ወደ የትም ብንዞር ያው ነው። ከሥራው ሁሉ በጣም የተደሰትኩት በዚህች ቅጂ ነው።

ቁልፎቹና ብሪጁ

መቃኛ ቁልፎቹን ከማዘዝ በፊት ቀዳዳዎቹን በካሊፐር ለካሁ። የዘንጉ ውፍረት፣ የቀዳዳው ስፋት፣ የብሎኖቹ ቦታ። በዓይን አንድ የሚመስሉ ቁልፎች ልካቸው ይለያያል። ቀላል የሚባለውን ዓይነት መረጥን። የድሮዎቹ አራቱ ሚዛን ላይ 440 ግራም ሆኑ፤ አዲሶቹ 250። የድሮ የብሎን ቀዳዳዎችን በስቲኪኒና በእንጨት ኮላ ሞላሁ፣ ሲደርቅ አዲስ በሳሁ።

የናሱ ብሪጅ ላይ ግን ተከራከርን። ወዳጄ ከባድ ብሪጅ ድምፅ ያረዝማል የሚለውን ሰምቶ ነው የገዛው። እኔ ደግሞ የኤ ሳድል ስለማይቆም ብሪጁ ይቀየር እላለሁ፤ የድምፁን ነገር ግን በጆሮ እንየው አልኩ። አምስቱ የብሎን ቀዳዳዎች ገጠሙ። የክሮቹ ርቀትም ልክ ነው። ሳድሎቹን ወደ ቀድሞው ከፍታ መለስኳቸው። ስሰካው «ዝዝዝ» የሚል አዲስ ድምፅ መጣ፤ ክሩን ብነካም አይቀንስም። ከብሪጁ እስከ ጃኩ በቴስተር ለካሁ፤ ግንኙነት የለም። የብሪጁ ሥር በላከር፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ቀለም፣ ተቀብቷል፤ ሽቦው ላከሩን እንጂ ናሱን አይነካም። አንድ ጥፍር የምታህል ቦታ ፋቅኩ፤ ሽቦውን እዚያ ላይ አሳረፍኩ፤ ዝም አለ።

ከብሪጁ በፊትና በኋላ የተቀዱትን በአንድ ዓይነት ድምፅ መጠን አደረግኳቸው። ወዳጄ ጀርባውን ሰጠኝ። 10 ጊዜ እያቀያየርኩ አጫወትኩለት፤ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። አምስቱን አገኘ፣ አምስቱን ሳተ። እኔም ስሞክር ከዚህ የተሻልኩ አልነበርኩም። አንድ ቤዝና ሁለት ጆሮ ነው እንጂ ለሁሉም ቤዝ የሚበቃ ማስረጃ አይደለም። እዚህ ቤዝ ላይ ግን ብሪጁ ድምፅ ቀየረ አልልም።

ሆኖም በሌላ መንገድ ጠቀመ። አዲሱ ብሪጅ ከድሮው በ180 ግራም ይከብዳል። ከጭንቅላቱ 190 ግራም ወጣ፣ ከኋላ 180 ገባ። ጠቅላላ ክብደቱ ሳይለወጥ ሚዛኑ ተቀየረ። ወዳጄ ማንገቻውን አድርጎ ቆመና ሁለቱንም እጆቹን ለቀቀ። ቤዙ ባለበት ቀረ። እንደገና አንስቶ ለቀቀው። እንደገናም።

ከሦስት ወር በኋላ

ቤዙን ለክትትል አመጣው። ቅኝቱ አይንቀሳቀስም። አንገቱ 0.3 ላይ ነው። ሃም የለም። ትከሻውን ጠየቅኩት፤ ሕመሙ እንደ ቀነሰለት ነገረኝ።

አንድ ቅሬታ አለው። ስቱዲዮ ውስጥ የብሪጁን ብቻ ከፍቶ ሲጫወት የድሮው ላይ የነበረ አንድ ብሩህነት ጎድሎታል። ልክ ነው፤ አስቀድመን የተነጋገርንበት ነው። ግን ጠየቅኩት፤ «በየትኛው ገመድ ነው የቀዳኸው?» 10 ሜትር ገመድ ይዞ ከሚክሰሩ ሁለት ሜትር ርቆ ተቀምጦ ነበር። የፓሲቭ ቤዝ ገመድ የድምፁ አካል ነው። በአንድ ሜትር 100 ፒኮ ፋራድ ቢይዝ 10 ሜትሩ 1,000 ይሆናል። ፒክአፑ 3.5 ሄንሪ አካባቢ ሆኖ የራሱ 100 ፒኮ ፋራድ ያህል ቢጨመርበት፣ ድምፁ ጎላ የሚልበት ቦታ በረጅሙ ገመድ 2.6 ኪሎ ኸርዝ ገደማ፣ በ3 ሜትሩ ግን 4.2 ገደማ ላይ ያርፋል። ይህ ልዩነት በጆሮ ይሰማል። ባለ 3 ሜትር ገመድ አዋስኩት። በማግስቱ ቅጂ ላከልኝ፤ የጎደለው ሁሉ ባይመለስም አብዛኛው ተመልሷል።

የድሮዎቹ ፒክአፖች እኔ ጋ ናቸው። በወረቀት ጠቅልዬ የሽቦዎቹን ቀለም፣ ኪሎ ኦሙንና የኮምፓሱን አቅጣጫ ላዩ ላይ ጽፌያለሁ። ደህና ፒክአፖች ናቸው፤ ሌላ ቤዝ ላይ ይገባሉ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወለልኝ። «አክቲቭ ፕሪአምፕ፣ ያንን በባትሪ የሚሠራ ማጉያ፣ ላስገባ ብዬ ነበር፤ ልዘዝ?» አለኝ።

«ምን ጎድሎህ ነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ልቅዳውና እልክልሃለሁ» አለና ዘጋው።